ለጥንቸሏ የመጣው ሽሮፕ

ድሬዳዋ ውስጥ በምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ በብዛት የሚመጡልን ፍየል፣ በግ፣ አህያና ውሻ ናቸው። ጥንቸል የምናየው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ከሳቢያን ሰፈር የመጡ አንዲት እናት ሁለት ወር ገደማ የሆናትን ጥንቸል በካርቶን ይዘው ሲገቡ ባልደረቦቼም ሥራቸውን ገታ አድርገው ተጠጉ። ወይዘሮዋ በሌላ እጃቸው ለልጃቸው ጉሮሮ ታዝዞ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ይዘዋል። «አቦ ዶክተር፣ ተቅማጥ ይዟት ጭራዋ ሥር ተለጣጥፏል፤ ከዚህ ትንሽ ላጠጣት?» አሉኝ።

«የለም እህቴ፣ ከዚህ ጠብታም እንዳይሰጧት» አልኳቸው። ለሰው ልጅ የሚጠቅመው ይህ መድኃኒት በጥንቸል አፍ ሲገባ ምግቧን የሚያብላሉላትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ በእነርሱ ፈንታ መርዝ የሚያመነጩት ይራባሉ፤ እንስሳዋም በቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ከዚያ ከጥንቸሏ በፊት ካርቶኑን ፈተሽኩ። ከለስላሳው ጋር ክብና ደረቅ በጠጥም ነበር፤ እኔን ያረጋጋኝም ይህ ነው። ጥንቸል ከደረቁ በጠጥ ሌላ፣ ውስጡ ገና ያልተጠቀመችበት ፕሮቲንና ቫይታሚን ያለበት ለስላሳ ኩስ ታወጣለች፤ ጤነኛ ስትሆን እርሱን ከፊንጢጣዋ በቀጥታ ስለምትበላው ባለቤቱ አያየውም። ስኳርና ስታርች ሲበዛባት ግን ኩሱ ይላላና ሳትበላው ጸጉሯ ላይ ይለጠፋል። በጠጡ ጠፍቶ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዕድሜ ለሰዓታት እንኳ የማይዘገይበት አደጋ ነበር።

«ከጠዋት እስከ ማታ ምን ትበላለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጠዋት ወተት የነካ ዳቦ፣ ቀን ካሮትና ሙዝ፣ ማታ ደግሞ ልጆቹ የሚያካፍሏት ብስኩት ነው። ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ ቀምሳ እንደሆነም ጠየቅኩ፤ በከተማችን ፍየሎች ስለሚበሉት ለማንኛውም እንስሳ የሚሆን ይመስላል፤ ጫት ግን አነቃቂ ነገር ያለበት ቅጠል ስለሆነ ለጥንቸል አይሰጥም። አልቀመሰችም። «ሣርስ?» ስላቸው «ሣር የፍየል አይደለም እንዴ?» ብለው በቅንነት መለሱልኝ።

የጥንቸል ዋና ምግብ ሣር፣ በተለይም ድርቆሽ ነው። የፊት ጥርሶቿ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድጉ እንዲሞረዱ ሻካራ ነገር ስታኝክ መዋል አለባት፤ አንጀቷም የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ሻካራ ምግብ ነው። ስለዚህ ንጹሕና ያልሻገተ ድርቆሽ ሌትም ቀንም ከፊቷ እንዳይጠፋ፣ ለዕድገቷ ፕሮቲንና ካልሲየም ስለሚያስፈልጋት ደግሞ አልፋልፋ የተባለው የመኖ ተክል ደርቆ እንዲቀላቀልበት ነገርኳቸው። አልፋልፋው ከስድስት ወር በኋላ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ለትልቅ ጥንቸል ካልሲየሙ ይበዛባታልና። በከተማው በቀላሉ የሚገኘው የዶሮ መኖ በእህል የተሞላ ስለሆነ የድርቆሹን ቦታ አይተካም። ዳቦው፣ ካሮቱ፣ ሙዙና ብስኩቱ በዚያው ቀን እንዲቆሙ፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ የውኃዋ ሳህን ባዶ እንዳይገኝ አደራ አልኳቸው። የቆሸሸውን ጸጉር በለብታ ውኃ አጥበን አደረቅነው፤ ዝንብ እዚያ ላይ እንቁላል ከጣለ ትሉ ሥጋዋን ይበላልና ይህን ለነገ ማሳደር አይገባም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለሱ ጸጉሯ ንጹሕ፣ በጠጧም ጎላ ያለ ነበር። መድኃኒት አላዘዝንላትም። ከዚያ ወዲህ በመመዝገቢያ ካርዳችን ላይ፣ ከክብደቱ በፊት፣ እንስሳው ትናንት ቀኑን ሙሉ የበላውን እንጽፋለን፤ ሐሳቡን ያመጣችው ያን ቀን ጥንቸሏን ይዛልኝ የነበረችው ባልደረባዬ ናት።

አብሮ የመጣው ልጅ ካሮት እስከ መጨረሻው ተከልክሎ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሦስት ወር ሲሞላት እንደ ሰላጣና የድንብላል ቅጠል ያለውን አረንጓዴ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ፣ በጥቂቱ አስለምዷት፤ ካሮቷ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ በስሱ ተቆርጣ ትሰጣለች፤ ሽንኩርት፣ አቮካዶና የድንች ቅጠል ግን በጭራሽ አይቅረቡላት አልኩት። እናቱንም ለብቻቸው አስጠነቀቅኳቸው፦ ግማሽ ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለች ወይም በጠጧ ከተቋረጠ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ይዘዋት ይምጡ።