በእርድ ምክንያት ልቅሶ ልንቀመጥ ነበር

ከጥምቀት በኋላ ያለው ሳምንት ጎንደር ውስጥ ሰው ሁሉ እግሩን ዘርግቶ የሚያርፍበት ነው። የልጄ ኬጂ ግን እረፍት አያውቅም። አርብ ማታ በቴሌግራም ግሩፑ «ልጆች በጥምቀት ያዩትን በቀለም ሊጥ ሠርተው ሰኞ ይዘው ይምጡ» የሚል ትእዛዝ መጣ። አሠራሩም ከሥሩ አለ፦ 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ ጥቂት ዘይት፣ ሙቅ ውሃ፣ «የምግብ ቀለም እንደየፍላጎትዎ»።

በነገራችን ላይ ይኼ የልጆች ሊጥ ፈረንጅ አገር መጀመሪያ የተሠራው ከግድግዳ ወረቀት ላይ የከሰል ጥላሸት ለማጽዳት ነበር አሉ። ወደ መጫወቻነት ተቀይሮ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ለማጽጃ የተፈጠረ ነገር የኔን ቤት ምን እንዳደረገው ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ቅዳሜ ገበያ ወጣች። እኔ ከሁለቱ ልጆቼና ከጎረቤት መንትዮች ጋር ቀረሁ። የምግብ ቀለም ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ የለም። አንዱ ባለሱቅ «በርበሬስ አይሆንም?» አለኝ፣ ከልቡ ነው ደግሞ። በርበሬና የሕፃን ዓይን! አመስግኜው ወጣሁ።

እቤት ስገባ ማድ ቤቱን በረበርኩ። ቀይ ሥር ቀቅዬ ጨመርኩ፤ ቀይ ይሆናል ስል ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ቀረ። የቡና አተላ ቡኒ ሰጠኝ፣ ለፋሲል ግንብ ይሆናል። እርዱ ግን! አንድ ማንኪያ ነካ ሳደርግበት ሊጡ ቦግ አለ። ልጆቹ ጮኹ። ሌላ ማንኪያ ጨመርኩ። ለአልጫ ተብሎ የተቀመጠው እርድ ብልቃጡ ታች ደረሰ። ቅርንፉድም ወቅጬ ጣል አደረግሁበት፣ ለሽታው። ሙቅ ሊጥ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሲሸት ትልቅ ሰው እንኳ እጁን ሰብስቦ መቀመጥ አይችልም፤ እኔም እስከ ክርኔ ገባሁበት።

ሴት ልጄ የፋሲልን መዋኛ ሠራች። ቤቷን መሀል ላይ አቆመች፣ ዙሪያውን ስቴኪኒ እየሰካች ቢጫ ጥላዎች አንጠለጠለች። ወንድሟ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሱ ሥራ በሊጥ የተሠሩትን ሰዎች እያነሳ «ዘለለ!» እያለ ውሃው ውስጥ መክተት ነበር። ጨው የበዛበት ሊጥ ልጆች አንዴ ከቀመሱት አይደግሙትም ይባላል። ልጄ ላሰው፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ደግሞ ላሰው። መንትዮቹ እባብ እያድቦለቦሉ እርስ በርስ አንገታቸው ላይ ይጠመጥማሉ። ወለቃ መንገድ ዳር የሚደረደሩትን የሸክላ ምስሎች የሚሠሩት እናቶች ቢያዩን ምን ይሉን ነበር?

ከዚያ አራቱም ወደ ግቢ ወጡ።

ጎረቤታችን እማማ ቡና እየቆሉ ነበር። ቀና ሲሉ ምን ይመልከቱ? እጃቸው ቢጫ፣ አፋቸው ቢጫ፣ ግንባራቸው ቢጫ የሆኑ አራት ሕፃናት። ትንሹ ደግሞ እንቅልፉ መጥቶ ዓይኑ ስልምልም ይላል።

«ኧረ በማርያም! የወፍ በሽታ ነው! አራቱንም!»

«እማማ፣ እርድ ነው» አልኩ።

«ዝም በል አንተ፣ ደንግጠህ ነው!»

ቡናው አረረ። አንዷ ስኳር በጥብጣ መጣች፣ ሌላዋ ጸበል ይሻላል ትላለች፣ ሦስተኛዋ የሌሊት ወፍ በላያቸው አልፎባቸው ይሆናል ብላ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አንዱ ጎረምሳ አዘዞ ላሉ መድኃኒት አዋቂ ደወለ። የመንትዮቹ እናት ነጠላዋን እያጣፋች እየሮጠች ደረሰች።

እርድ መሆኑን አጥቤ ላሳያቸው ብዬ የልብስ ሳሙና አመጣሁና የትንሹን እጅ ፈተግሁ። መዳፉ ቀላ። ፈተግሁ፤ ባሰበት፣ ደም መሰለ።

«ወየው! ልጁን ላጠው!»

ጩኸቱ ነው እንግዲህ ተከራይዋን ነርስ ያወጣት። የሌሊት ተረኛ ነበረች፣ ከእንቅልፏ ነው የተነሳችው። ማንንም ሳታናግር የትንሹን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አደረገች፣ የቀጣዩንም፣ የመንትዮቹንም። «ነጭ ነው። የወፍ በሽታ ቢሆን ቢጫው የዓይኑ ነጭ ላይ ይታይ ነበር። ሎሚ አላችሁ?»

ሎሚ ተገኘ። ቀዩ መዳፍ ላይ ጠብ ስታደርግበት ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ግቢው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እማማ አማተቡ። ነርሷ እያዛጋች «እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ይመልሰዋል። በውሃ ብቻ አይለቅም፣ መጀመሪያ ዘይት ቀቡት» ብላ ተመልሳ ልትተኛ ገባች።

ይኼኔ ባለቤቴ ዘንቢሏን ይዛ ከበሩ ደረሰች። ደጃፏ ላይ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ የሚያለቅስ ልጅ፣ መሀል ላይ እኔ። በኛ አገር ይህን አይቶ «ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዘንቢሉን ለቀቀችውና «ወይኔ ማንን ነው!» ብላ ደረቷን መታች። ሽንኩርቱ በግቢው ተንከባለለ። ሴቶቹም አላስቻላቸውም፣ ማንም እንዳልሞተ እያወቁ አብረው አለቀሱ።

አረጋግተናት፣ ሽንኩርቱን ለቅመን፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀርብ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። መድኃኒት አዋቂው ናቸው፣ ከነከረጢታቸው። ረስተናቸው ነበር። ሽማግሌው ልጆቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ፣ በዘይት ታሽተው ያብለጨልጫሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፣ እስከ ክርኔ ድረስ ቢጫ ወደሆነው እጄ።

«ልጆቹ ደህና ናቸው። በሽተኛው አንተ ነህ፣ ልጄ።»

የባጃጁን ሂሳብ ደርሶ መልስ ከፈልኩ። ቅጠሉንም ተቀበልኩ፣ እማማ ቆመው እያዩኝ እምቢ ማለት የት ይቻላል!