ስለ ውሃ ጻፍኩ፣ ሰው ሀብት ደረሰ

ባለፈው ክረምት የመጣብን የውሃ ቢል 108 ሜትር ኪዩብ ይላል። ቤታችን አራት ሰው ነን። ከ8 ኪዩብ አልፈን አናውቅም።

እልህ ያዘኝና ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ! ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ድካማችን፣ ስለ ፍትሕ መጓደል። ሕገ መንግሥቱን ሳይቀር ጠቀስኩ፤ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠኛል ብዬ። ግልባጭ ለአራት መሥሪያ ቤት። ሲነጋ ፒያሳ አንድ ኮምፒውተር ቤት አስተየብኩና በዚያ በደሴ ጭጋግ ዳገቱን ወጥቼ አስገባሁ።

ሁለት ሳምንት ዝም። ሄጄ ስጠይቅ «ገቢ ቁጥሩን አምጪ» አሉኝ። የምን ቁጥር? እጃቸው ላይ ጥዬ ነው የወጣሁት። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አዝናልኝ ብዙ ካገላበጠች በኋላ አገኘችው። ለሰው ሀብት ክፍል ተመርቷል።

ለካ ታይፒስቱ የጻፈልኝ በሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ነው። አድራሻውን ቀየረ፣ ሐተታውን ቀየረ፣ ጉዳዩን ረሳው። «ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለመጠየቅ» ይላል። ኃላፊው እሷን መስመር አየ፣ መራ፣ አለቀ። ልጁን ልወቅሰው አልችልም። ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት አሉ። ሦስቱን ገጽ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው አንድ ቁጥር ብቻ አከበቡ፤ 108ን።

«የኔ ልጅ፣ የቆጣሪሽ ቁጥር የታለ?»

«አልጻፍኩትም ጋሼ።»

«ቆጣሪው አሁን ስንት ይላል?»

አላየሁትም ነበር። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። ሦስት ገጽ ሙሉ ስጮህ አንድ ቀን ቆጣሪውን ጎንበስ ብዬ አላየሁም።

«አብሽሪ» አሉኝ። «ደብዳቤው የሚጻፈው ለኃላፊው ነው። የሚሠራው ግን ሌላ ሰው ነው። ኃላፊው ጫፉ ላይ ‹አጣርታችሁ አቅርቡ› ብሎ ይመራዋል፤ ከዚያ የሚደርሰው ቆጣሪ የሚያየው ልጅ እጅ ነው። እሱ አንቀጽ 30 ምን ያደርግለታል? መብትሽን ማን ካደ?» ግልባጮቹንም ሰረዟቸው። ገና ሳትጠይቂ የከሰስሽ ይመስላል አሉ።

ቤት ሄጄ የቆጣሪውን መስታወት በጨርቅ ጠረግኩት። 1251 ይላል። በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ቢሉ ላይ ያለፈው ንባብ 1238፣ የአሁኑ 1346። ቢሉ ከመጣ ሳምንታት አልፈዋል፤ ቆጣሪው ግን እዚያ ቁጥር አጠገብ እንኳ አልደረሰም። ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድ! 1246 ሊሉ 1346 ጽፈዋል ማለት ነው፤ 8 ኪዩብ፣ እንደ ወትሮው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አልሞላም፦

«ጉዳዩ፦ የቆጣሪ ንባብ ስህተት እንዲታረም ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ የሐምሌ ወር ቢሌ የአሁኑ ንባብ 1346 ተብሎ 108 ሜትር ኪዩብ ተሰልቶብኛል። ሆኖም ዛሬ ቆጣሪው የሚያሳየው 1251 ነው። በመሆኑም ባለሙያ ተልኮ ቆጣሪው እንዲታይልኝና ቢሉ እንዲስተካከልልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ከላይ ስሜ፣ የደንበኛና የቆጣሪ ቁጥሬ፣ ስልኬ። ከታች «አባሪ፦ የቢል ኮፒና የቆጣሪ ፎቶ፣ 2 ገጽ»። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን በግድ አስገባሁ፤ 108 ኪዩብ ማለት ባለ 1 ሺህ ሊትር ሮቶ 108 ጊዜ መሙላት እንደሆነ። አዛውንቱ ፈገግ አሉና «ይኼስ ይቆይ» አሉ።

ጫፉ ላይ ለመምሪያ የሚሆን ባዶ ቦታ ተውኩ። በሁለት ኮፒ አሳተምኩ። አንዱን አስገባሁ፣ ቀሪው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፌ ያዝኩ። በሳምንቱ አንድ ልጅ መጣ። ደብዳቤዬን አጥፎ ኪሱ ከቶታል። ቆጣሪውን አየ፣ ፎቶውን አየ፣ «በቃ ገብቶኛል እህቴ» ብሎ ሄደ። ቢሉ ተስተካከለ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ማመልከቻ እኔ ጋ ነው፤ ቡና ላይ እንጽፋለን። በቀደም አንዲት ጎረቤቴ ለልጅ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ቅነሳ ልትጠይቅ መጣች። ልጁን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። «ይኼንን አትጻፊው፣ ልመና ይመስላል» አለችኝ፣ ስለ ደብዳቤ የነገርኳትን ሁሉ ይዛ። «አይ» አልኳት፣ «ያንቺ ቆጣሪ እሱ ነው።» መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍነው። የቀበሌውንም ማስረጃ አባሪ አደረግን።