ጢም ያበቀለ ደን

ባሌ የሄድነው ቀይ ቀበሮ ልናይ ነበር፣ ስልኬን ስከፍተው ግን ግማሹ ፎቶ ቅርንጫፍ ነው 😂

ከጎባ በጠዋት ወጥተን የሳነቴን አምባ አቋረጥን፣ 4 ሺህ ሜትር ላይ ብርዱ አይጣል ነው፣ ቀበሮ አንዷን ከሩቅ አየናት፣ በቃ። ከዛ መንገዱ ወደ ሪራ ቁልቁል ሲል የአስታ ደን ውስጥ ገባን፣ ጉሙ ወፍሯል፣ ዛፉ ሁሉ አረንጓዴና ግራጫ የቀላቀለ ጢም ተንጠልጥሎበታል። መኪናው ሲቆም ወርጄ "ይሄ ነገር ዛፉን አይገድለውም እንዴ?" አልኩት አስጎብኚያችንን፣ የዲንሾ ልጅ ነው። "ኧረ ምንም አይለውም ወንድሜ፣ ውሃውን ከጉም ነው የሚጠጣው።"

እውነቱን ነው፣ ጢሙ ላይከን ይባላል፣ ስር የሚባል የለውም፣ ቅርንጫፉን የያዘው ለመንጠልጠያ ነው። ደሞ አንድ ነገርም አይደለም፣ ፈንገስና አልጌ (አረንጓዴ ደቃቅ ነገር) አብረው ጎጆ የወጡበት ነው፣ ምግቡን አልጌው በፀሐይ ይሰራል። በፈረንጆቹ 1860ዎቹ ሽቬንደነር የሚባል የስዊዝ ሰው ይሄን ሲናገር የዘመኑ የላይከን ሊቃውንት አልተቀበሉትም።

መሬት የወደቀች ጭራሮ አነሳሁና አንዱን ክር ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ ላዩ እየተሰነጣጠቀ እንደ ዶቃ ተለያየና ውስጡ ነጭ ጅማት ወጣ፣ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል! ኡስኒያ የሚባለው ይሄ ጢም መሳይ የላይከን ዓይነት የሚለየው በዚህች ጅማት ነው።

አረባቡ ነው የገረመኝ። አንዳንዱ ንፋስ ሲበጥሰው ቁራጩ ሌላ ዛፍ ላይ ይጠመጠምና እዛው ይቀጥላል። አንዳንዱ ደሞ ክሩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር አለው፣ እያንዳንዷ ብናኝ ጥቂት አልጌ በፈንገስ ክር የተጠቀለለባት ናት፣ ማለት ባልና ሚስት አንድ ላይ ነው የሚሰደዱት። ሌላ ክር ጫፍ ላይ ግን ትንሽዬ ክብ ሰሃን አየሁ፣ ዳር ዳሯን ሽፋሽፍት የመሰለ ነገር ከቧታል። ከሷ የሚወጣው ስፖር (እንደ ዘር በሉት) የፈንገሱ ብቻ ነው፣ አልጌውን ትቶ ብቻውን ይሄዳል፣ ባረፈበት የሚስማማው አልጌ ካላገኘ አለቀለት። እኔ ብሆን በዱቄቱ ነበር የምሄደው።

ሪራ ደርሰን የሐረና ቡና እየጠጣን ሹራቤ ላይ አንድ ቁራጭ ተጣብቃ አየሁ፣ አስጎብኚው ነቀል አድርጎ ደጅ ያለው ዛፍ ላይ ሰቀላት፣ "ትሞክር" ብሎ ወደ ቡናው ተመለሰ።