200 ሺህ ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ፦ የጀርመን መኪና ወይስ የጃፓን?

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ያሰቡ ወዳጆቼ ከሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚደጋገመው፣ ቆጣሪው 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለፈ የጀርመን መኪና ይሻላል ወይስ የጃፓን የሚለው ነው። የተለመደው መልስ «የጃፓን አይበላሽም፣ የጀርመን ያከስራል» የሚል ሲሆን፣ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ምክንያቱን ስለማያስረዳ ገዢውን ሊያሳስት ይችላል። በዚህ ዕድሜ ላይ የደረሰ መኪና የትም ይመረት የት መበላሸቱ አይቀርም። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ርካሹ ዕቃ ዕድሜው ሲያልቅ እሱ ጋ ለመድረስ ምን ያህል መፈታት አለበት? ሳይታወቅ ቢበላሽስ ምን ይዞ ይሄዳል?

ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በብዙ መኪኖቹ ላይ የገጠመው ኤን47 የተባለው የናፍጣ ሞተር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ (ክራንክሻፍት) ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ (ካምሻፍት) ጋር የሚያያይዘው ካቴና በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ከፊት በኩል ሲገኝ፣ በዚህኛው ግን ከኋላ፣ ከካምቢዮው ጎን ተቀምጧል። ካቴናው ሲላላና በመስመሩ የሚይዙት መደገፊያዎች ሲበሉ ከሞተሩ የኋላ ክፍል የመፋቅ ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ዕቃው በራሱ ያን ያህል ውድ ባይሆንም እሱን ለመቀየር ሞተሩ ወይም ካምቢዮው መውረድ ስላለበት፣ ባለቤቱ የሚከፍለው በአብዛኛው ለጉልበት ነው። ድምፁን ችላ ብሎ መንዳት የቀጠለ ሰው ደግሞ ካቴናው ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጩበትና ሞተሩን በሙሉ ያጣል። የመጀመሪያዎቹ የመርሴዲስ ኤም272 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮችም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው፤ የሞተሩን ንዝረት የሚያመጣጥነው ዘንግ ጥርስ ያለጊዜው እየተበላ፣ ለአንድ ትንሽ ጥርስ ሲባል ሞተሩ ከነአካቴው ይወርዳል።

ከዚህ በላይ ግን ትኩረት የሚገባው የማቀዝቀዣው ክፍል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ የተነዱ የጀርመን መኪኖችን ከመንገድ የሚያስወጣቸው በአመዛኙ እሱ ነው። የራዲያተር ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን፣ የቴርሞስታቱ ቤትና የቱቦዎቹ መጋጠሚያዎች በብዙዎቹ ላይ ፕላስቲክ ናቸው። ፕላስቲክ ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። አሥር ዓመት የሞላውን መጋጠሚያ ከቱቦው ለማላቀቅ ሲሞከር እንደ ደረቅ ቅጠል በጣት መካከል ይፈረፈራል፤ የተሰበረው ጠርዝ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ከውጭ ግን ጥቁርና ጤነኛ ይመስል ነበር። ቢኤምደብሊው በኤን52 ሞተር ላይ ያስገባው የኤሌክትሪክ የውሃ ፓምፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሳያስጠነቅቅ ይቆማል። ውሃው ሲፈስ ወይም ፓምፑ ሲቆም ሾፌሩ ወዲያውኑ ሞተሩን ካላጠፋ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። በቀላል ገንዘብ ሊቀየር ይችል የነበረ ዕቃ የሞተር ጥገና የሚያስከትለው በዚህ መንገድ ነው። የእነዚህን መኪኖች የማቀዝቀዣ ዕቃዎች ሳይሰበሩ በፊት፣ በዕድሜያቸው ብቻ ቆጥሮ መቀየር ግድ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

በአንጻሩ እንደ ቶዮታ 1ኤንዜድ ያለውን ባለ 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር ብንመለከት ቱርቦ (አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፤ ነዳጁ የሚረጨው ከቫልቩ በፊት ባለው መተላለፊያ ላይ ነው፤ ካቴናው ከፊት ነው፤ የውሃ ፓምፑንም የሚያሽከረክረው በእጅ የሚደረስበት ቺንጊያ ነው። ነዳጁ ከቫልቩ በፊት ስለሚረጭ ቫልቩን እያጠበው ያልፋል። በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩት ሞተሮች ላይ ግን ይህ እጥበት ስለሌለ በቫልቮቹ ጀርባ ላይ ካርቦን እየተጋገረ ይሄዳል፤ ቶዮታም ሁለቱን የመርጨት ዘዴዎች በአንድ ሞተር ላይ ያጣመረበት አሠራር ይህን ችግር ያቃልላል። የ1ኤንዜድ ባለቤት ዘይቱን አዘግይቶ ቢቀይር፣ ሰርቪስ ቢያሳልፍ እንኳ ሞተሩ ብዙ ይታገሠዋል። የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድም እንዲሁ ነው፤ 4.2 ሊትር መጠን ይዞ ያለ ቱርቦ ቀስ ብሎ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በመሆኑ አካሉ ከአቅሙ በታች ነው የሚጨነቀው።

ይህ ሲባል ግን የጃፓን ምልክት ያለበት ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት የቶዮታ 1ዜድዜድ ሞተሮች በፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ የፒስተን ፋሻቸው ይጣበቅና ዘይት ይበላሉ፤ ባለ 2.4 ሊትሩ 2ኤዜድም፣ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 ባሉት መኪኖች ላይ፣ በዚሁ ጠባይ ይታወቃል። ኒሳን እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 ለተሠሩት የሲቪቲ (በጥርሶች ፋንታ በቺንጊያ የሚሠራ አውቶማቲክ) ካምቢዮ መኪኖቹ በአሜሪካ ዋስትናውን ወደ 10 ዓመት ወይም 120 ሺህ ማይል ማራዘሙ በራሱ ብዙ ይናገራል። የሱባሩ ኢጄ25 ሞተርም የቴስታታ ጓርኒሲዮን በማሳለፍ ስሙ የጠፋ ነው። ታሪኩ የማይታወቅ ሲቪቲ ካምቢዮ ያለው መኪና፣ የጃፓን ነው ተብሎ ብቻ፣ ሰርቪሱ በወረቀት ከተመዘገበለት ጀርመናዊ ፊት ሲመረጥ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ጀርመኖችም እጅግ ጠንካራ መኪና መሥራት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ደብሊው123 ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ብዙዎቹም ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት አገልግለዋል። በመርሴዲስ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ከደብሊው123 ቀድሞ የነበረው ትውልድ የሆነ፣ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የተነዳ የግሪክ ታክሲ 240ዲ ቆሟል። ይህ መኪና በተጠቀሰ ቁጥር መነገር ያለበት ነገር ግን ሞተሩ በተደጋጋሚ መቀየሩ ነው፤ ያን ያህል የሄደው ብረቱ ጥሩ ስለነበረና ባለቤቱ ሳይታክት ስለጠገነው ነው።

በኋላ የመጡት የጀርመን መኪኖች ስማቸውን ያጡበት አንዱ ምክንያት የሰርቪስ ጊዜው ከመጠን በላይ መራዘሙ ይመስለኛል። ዘይት እስከ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም ሁለት ዓመት እንዲቆይ የሚፈቅደው አሠራር መኪናውን በአዲስነቱ ለሚነዳው የመጀመሪያ ባለቤት ይመቻል፤ ዳፋው የሚያርፈው ግን በሦስተኛው ባለቤት ላይ ነው። የካምቢዮ ዘይትም «ዕድሜ ልክ የሚያገለግል» ተብሎ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ነገር ግን ካምቢዮውን የሚሠራው ዜድኤፍ ራሱ በየ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በስምንት ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። አምራቹ እንዲህ እያለ ሻጩ «ይህ ካምቢዮ ዘይት አይቀየርለትም» ሲል ከተሰማ፣ ካምቢዮው እንዳልተነካ መገመት ይቻላል።

መኪናው በሚታይበት ቀን ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን ቀጥሮ መመለስ ይሻላል፤ ምክንያቱም የካቴና መንኳኳት በግልጽ የሚሰማው ሲነሣ ባሉት የመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2012 መካከል የተሠሩት የቮልስዋገንና የኦዲ ኢኤ888 ሞተሮች ላይ ይህ ድምፅ የካቴና መወጠሪያው ችግር ሊሆን ስለሚችል በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ከዚያ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ መኖሩ ይታያል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተበልቶ ብረቱ ብቅ ካለ፣ የመሪው ቆዳ ከለሰለሰና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ከተሰነጠቀ፣ ቆጣሪው ላይ የተጻፈው 90 ሺህ ኪሎ ሜትር አያሳምንም። በተረፈ በአውራ ጎዳና የተነዳ 250 ሺህ፣ በከተማ ጭንቅንቅ ውስጥ ሲቆምና ሲነሣ ከኖረ 150 ሺህ ይልቅ ለሞተሩም ለካምቢዮውም የቀለለ ነው።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ የሚወሰነው በወረቀቱ ነው። የሰርቪስ ታሪኩ ካልተገኘ የጃፓኑን፣ ያውም ቱርቦ የሌለውንና በእጅ ወይም በተለመደው አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሠራውን እገዛለሁ፤ በዚህ ላይ አላመነታም። ታሪኩ የተሟላ ከሆነና ለማቀዝቀዣውና ለካምቢዮው የሚሆን ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ውጭ ከተቀመጠ፣ የጀርመኑ መሪና መቀመጫ፣ በፍጥነት ላይ ያለው እርጋታም ልፋቱን ይክሳሉ። ከእነሱም መካከል ባለ 1.9 ሊትሩን የቮልስዋገን ናፍጣ ያለ ብዙ ፍርሃት እመክራለሁ። እሱም ቢሆን ቺንጊያው የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለው፣ ሌላ ምንም ከመሠራቱ በፊት ቺንጊያው፣ መወጠሪያውና የውሃ ፓምፑ በአንድ ጊዜ መቀየር አለባቸው፤ ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጊያ ስለሆነ፣ ፓምፑ ተይዞ መዞር ሲያቆም ቺንጊያውን ይዞ ይሄዳል፣ ቺንጊያው ደግሞ ቫልቮቹን።