ሕፃን የማይፈጨው ስኳር

ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ሌሊት የሽንት ጨርቋን ስቀይር ሽታው ትኩረቴን ሳበው። ሊረጋ የጀመረ ወተት የመሰለ፣ ቀለል ያለ ኮምጣጣ ሽታ ነበር እንጂ የሚከረፋ ነገር አልነበረውም። በሥራዬ ከምግብ ኬሚስትሪ ጋር የምውል ሰው ብሆንም፣ የጡት ወተት ስኳር ምን እንደሚሠራ በቅጡ የገባኝ ያን ሌሊት ነው፤ ሕፃኗ ራሷ ልትፈጨው የማትችለውን ስኳር አንጀቷ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በልተውት፣ የተዉት አሲድ ነበር የሚሸተው።

እንገሩ ካለፈ በኋላ በሚመጣው የጡት ወተት፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ላክቶስ የሚባለው ሕፃኑ የሚፈጨው ዋናው የወተት ስኳር 70 ግራም ያህል፣ ስብ ደግሞ 40 ግራም ያህል ይገኛል። ከእነዚህ ቀጥሎ በብዛት ሦስተኛ የሆኑት ኦሊጎሳካራይድ የሚባሉት አጫጭር የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው፤ በሊትር ከ5 እስከ 15 ግራም ይደርሳሉ፣ በእንገር ውስጥ ደግሞ 20 ግራምን የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ከ150 በላይ ዓይነት እንዳላቸው ታውቋል። በላም ወተት ውስጥ ግን መጠናቸው ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እንገሩ ካለፈ በሊትር ከአንድ ግራም እጅግ ያነሰ ነው። የእናት አካል ጉልበት አውጥቶ እነዚህን ሰንሰለቶች ይሠራል፤ ሕፃኑ ግን የሚቆርጥበት ኢንዛይም ስለሌለው ጥቂቱ ብቻ ወደ ደም ገብቶ አብዛኛው እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎችን ግራ ያጋባው ይኸው ብክነት የሚመስል ነገር ነበር።

መልሱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ሄንሪ ቲሲየር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ሲሠራ፣ ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ዛሬ ባይፊዶባክቴሪየም የሚባለውን መንታ ቅርንጫፍ የመሰለ ባክቴሪያ አገኘ። በ1954 ደግሞ ፖል ጆርጂና ባልደረቦቹ የዚህን ባክቴሪያ እድገት የሚያፋጥን ነገር በእናት ወተት ውስጥ እንዳለ ገለጹ፤ ያም ነገር እነዚሁ ስኳሮች ነበሩ። ከቤተሰቡ ባይፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስ የሚባለው በተለይ የሚገርም ነው፤ ሰንሰለቱን እንዳለ ወደ ውስጡ አስገብቶ እዚያው ስለሚቆራርጠው፣ ለሌሎች ባክቴሪያዎች ፍርፋሪ እንኳ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የሚያመነጨው አሲድም አንጀቱን ለብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን የማይመች ያደርገዋል።

ስኳሮቹ ሌላም ሥራ አላቸው። ብዙ ተሕዋስያን ሕመም ከማስከተላቸው በፊት የአንጀትን ግድግዳ መጨበጥ አለባቸው፤ የሚጨብጡትም በግድግዳው ላይ የበቀሉትን የስኳር ሰንሰለቶች ነው። በወተቱ ውስጥ የሚንሳፈፈው ኦሊጎሳካራይድ እነዚህን ስለሚመስል፣ ተሕዋሱ ግድግዳው መስሎት እሱን ይይዝና ከሰገራ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። በ2004 የታተመ በሜክሲኮ እናቶችና ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ 2′-ፉኮሲልላክቶስ የተባለው ስኳር በብዛት ያለበትን ወተት የጠቡ ሕፃናት ካምፒሎባክተር በሚያመጣው ተቅማጥ የሚያዙት በአነስተኛ ቁጥር እንደሆነ አሳይቷል። ይህን ስኳር ግን ሁሉም እናት አትሠራውም፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል በዘረመል ምክንያት ወተቷ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ይህ የእሷን ወተት ጎደሎ አያሰኘውም፤ ሌሎቹ ሰንሰለቶች አሉና።

ዛሬ ይኸው 2′-ፉኮሲልላክቶስ ዘረመላቸው በተሻሻለ ባክቴሪያዎች እየተመረተ በሕፃናት የዱቄት ወተት ውስጥ ይጨመራል። ሞለኪዩሉ በእናት ወተት ካለው ጋር አንድ ነው፤ እርምጃውንም በበኩሌ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ከ150 በላይ ከሆኑት አንዱን ወይም ጥቂቶቹን ጨምሮ ቆርቆሮው ላይ «ለእናት ወተት የቀረበ» ብሎ መጻፍ፣ ከአንድ መጽሐፍ ጥቂት ገጽ ቀድዶ መጽሐፉን ሰጠሁ እንደማለት ይሆንብኛል።

ወደ ስቡ ስንመጣም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ከመጠኑ ይልቅ አሠራሩ ይናገራል። አንዲት የወተት ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እርስ በርሳቸው የማይዋሐዱ እልፍ ድቡልቡል ኳሶች ይታያሉ። መካከለኛ ስፋታቸው 4 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አራት ሺህኛ) ገደማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ኳስ ከጡቱ ሕዋስ ሲወጣ የለበሰው ሦስት ንብርብር ያለው ስስ ሽፋን አለው። ፎስፎሊፒድ፣ ስፊንጎማየሊንና ጋንግሊዮሳይድ የሚባሉት ለነርቭና ለአንጎል ሕዋሳት መዋቅር የሚያስፈልጉ ቅባቶች በብዛት የሚገኙት በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ወተት ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደድና አብዛኛው ከአሬራው ጋር ይቀራል፤ ቅቤው ያለ ልብሱ ይወጣል።

የሽፋኑ መኖርና አለመኖር የሚያመጣው ልዩነት በአዋቂዎች ደም ላይ ሳይቀር ታይቷል። በስዊድን ኡፕሳላ ተሠርቶ በ2015 በታተመ ጥናት፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሰዎች ለ8 ሳምንት በቀን 40 ግራም የወተት ስብ ወሰዱ፤ አንዱ ቡድን ሽፋኑ ባለበት ክሬም፣ ሌላው ሽፋኑ በወጣለት የቅቤ ዘይት መልክ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በቅቤ ዘይት ወሳጆቹ ላይ ሲጨምር በክሬም ወሳጆቹ ላይ አልጨመረም። ጥናቱ ትንሽና አጭር ስለሆነ ክሬም እንደልብ ይበላ የሚል ፈቃድ አላወጣበትም፤ በቅቤና በመሳሰሉት ውስጥ ለሚበዛው ስብ የተሰጠው «የጠገበ ስብ» የሚለው አንድ ስም ብዙ ነገር እንደሚሸፍን ግን አሳምኖኛል። በዚያው አገር በኡሜኦ ከተማ ሽፋኑ የተጨመረበትን የዱቄት ወተት የወሰዱ ሕፃናት፣ በ12 ወራቸው በተደረገ የአእምሮ እድገት ምዘና 4 ነጥብ ያህል ብልጫ አሳይተው ነበር፤ ስድስት ዓመት ተኩል ሲሞላቸው ግን ልዩነቱ አልተገኘም። ማስታወቂያዎች የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ማንሳት ይወዳሉ።

በወተት ስብ ውስጥ ስላለው ቡቲሪክ አሲድም ብዙ ይወራል። የትልቁ አንጀት ሕዋሳት ይህን አሲድ በእርግጥ ለጉልበት ይጠቀሙበታል፤ ነገር ግን በቅቤ የተበላው ከላይኛው አንጀት ተመጥጦ ወደ ጉበት ስለሚሄድ ትልቁ አንጀት ድረስ የሚዘልቀው እምብዛም ነው። ለዚያ የሚበጀው ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው የሚያብላሉት የእህልና የአትክልት አሰር ነው።

ልጄ ስድስት ወር ሲሞላት ከጡት ጋር የዱቄት ወተት ጀመረች፤ ያ ኮምጣጣ ሽታ ጠፋ፣ ሰገራዋም ጠጠር አለ። ለመጠጠሩም ምክንያት አይታጣለትም። የስብ ሞለኪዩል ግሊሰሮል በሚባል አጥንት ላይ የተያያዙ ሦስት የስብ አሲዶች ነው፤ ከእነዚህ አሲዶች አንዱ የሆነው ፓልሚቲክ አሲድ በእናት ወተት ውስጥ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመካከለኛው ቦታ ላይ ነው፤ ኢንዛይሙ ሁለቱን ጫፎች ሲቆርጥ መካከለኛው ከግሊሰሮሉ ጋር እንደተያያዘ በቀላሉ ይመጠጣል። በብዙ የዱቄት ወተት ውስጥ በሚገባው የአትክልት ዘይት ላይ ግን አሲዱ የሚገኘው ጫፍ ላይ ነው፤ ተቆርጦ ነፃ ሲወጣ ካልሲየምን ይዞ የማይሟሟ ሳሙና ይሆናል፤ ስቡም ካልሲየሙም ሳይመጠጡ በሽንት ጨርቁ ላይ ይገኛሉ።