ባለ ክብደት ስትሪመር፦ ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሁለተኛው

ስትሪመር በላባና በክር መንጠቆ ላይ የሚታሰር፣ ውሃ ውስጥ ሲጎተት ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማጥመጃ ነው። እንዲህ በላባና በክር የሚታሰር ማጥመጃ ሁሉ ፍላይ ይባላል። ይህ ማስታወሻ ሐዋሳ ላይ ማሰር ለጀመሩ ነው። የያዘውም አንድ ዓይነት ፍላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ሲታሰር ስንተኛው ላይ ምን እንደሚበላሽ፣ ለምን እንደሚበላሽና በምን እንደሚቃና ነው። ፍላዩ ዉሊ በገር ይባላል፤ ራስል ብሌሲንግ የተባለ አሜሪካዊ በ1967 እ.ኤ.አ. ፔንስልቬንያ ውስጥ የሠራው ነው። በየቀኑ ዓይነት መቀያየር አያዋጣም፤ እጅ የሚፈታው አንዱን ደጋግሞ በማሰር ነው።

አስቀድሞ ግን፦ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በዚህ የሚጠበቁት አምባዛና ባርበስ የተባሉት ዓሦች ናቸው። ያደገ ቆሮሶ በዋናነት የሚመገበው ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አልጌ ስለሆነ ትንሽ ዓሣ እያሳደደ አይበላም። ቆሮሶ ብቻ የሚፈልግ ሰው በስትሪመር ባይደክም ይሻለዋል።

መንጠቆው ቁጥር 6፣ ዘንጉ ረዘም ያለ፣ ወደ 2.5 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ይሁን። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አይዘንጋ። ከዚያ 4 ሚሊሜትር የናስ ዶቃ፣ 0.5 ሚሊሜትር የእርሳስ ሽቦ፣ 0.2 ሚሊሜትር ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ለገላው የሹራብ ክር፣ ለጭንቅላቱ ኩቴክስ፣ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ። የእርሳስ ሽቦ ካልተገኘ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች ዘንድ የሚወድቀው ቁራጭ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ በዚያው ውፍረት 10 ዙር እርሳስን ለመተካት 13 ዙር ይፈጃል። የመካኒክ ሞርሳ አፉ ሰፊ ስለሆነ መንጠቆውን በቀጥታ አይዝም፤ ጥርሱ ጠባብ የሆነ፣ ሲጨበጥ የሚቆልፍ ፒንሳ ሞርሳው ውስጥ ማሰርና መንጠቆውን በፒንሳው ማስያዝ ነው።

ላባ ሐዋሳ ላይ አይቸግርም፤ የሚያመልጠው ሰዓቱ ነው። የበዓል አውራ ዶሮ ከታረደ በኋላ፣ ፈላ ውሃ ውስጥ ከመነከሩ በፊት፣ የአንገቱና የወገቡ ላባ ይነቀል። ፈላ ውሃ የነካው ላባ ቃጫው እየተጣበቀ ሲጠመጠም ያስቸግራል። በሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ብል እንዳይገባበትም ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ማሰሮ ይቀመጣል። ቀይ አውራ ዶሮ ለሁሉም ይሆናል። ገብስማ ከተገኘ ግን ለብቻው ይቀመጥ፤ ነጭና ጥቁሩ የተፈራረቀበት ላባ ሲጠመጠም የሚያወጣው ዝንጉርጉር መልክ በቀለም አይገኝም።

ለጅራት የሚሆነው ለስላሳ ላባ በገበያ ስሙ ማራቡ ነው። ስሙ የተወሰደው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ፣ ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች አጠገብ ቆሞ ትርፍራፊ ከሚጠብቀው ትልቅ ወፍ፣ ከአባ ኮዳ ነው፤ ድሮ ከሱ ላባ ይሠራ ነበር፣ ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ ላባ ነው። አባ ኮዳን መንካት አያስፈልግም። የሴት ዶሮ የሆድ ላባ፣ ከሥሩ ጥጥ የሚመስለው ክፍል፣ በደንብ ይተካዋል፤ ለአንድ ጅራት ሁለት ወይም ሦስት ላባ ይበቃል።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ያሉት ፍላዮች ሁሉ የሚበላሹት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ጭንቅላቱ ጋ። ጀማሪ ገላውን እስከ ዶቃው ድረስ ጠምጥሞ ይጨርስና ላባውን የሚያስርበት፣ ክሩን የሚቋጭበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ማሰር ከመጀመሩ በፊት ከዶቃው ኋላ 1.5 ሚሊሜትር በማርከር ምልክት ይደረግ፤ ገላው ከምልክቱ አይለፍ። ሌላው ጥፋት የክሩ ነው። የልብስ ስፌት ክር ድቡልቡል ሆኖ የተገመደ ስለሆነ ጥምጥሙ ይቆለላል። የተንጠለጠለውን ቦቢን (የክሩን መያዣ) ግምዱ ወደሚፈታበት አቅጣጫ ማሽከርከር ነው፤ ክሩ ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል። ክር በድንገት ከተበጠሰ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመንጠቆው ጫፍ ነክቶት ነው፤ በኃይል ስለተሳበ አይደለም።

ከ4 እስከ 8 ዋናው ትምህርት ነው፤ ክብደት የት ይቀመጥ?

በስሌት እንየው። 0.5 ሚሊሜትር እርሳስ 10 ዙር ሲጠመጠም የሚመዝነው ወደ 0.1 ግራም ነው። 4 ሚሊሜትር የናስ ዶቃ ግን ብቻውን ሩብ ግራም ገደማ ይሆናል፣ በዚያው ልክ የተንግስተን ዶቃ ደግሞ ግማሽ ግራም ገደማ። ስለዚህ ዋናውን ክብደት የሚሸከመው ዶቃው ነው፤ ሽቦው የሚጨምረው ጥቂት ስለሆነ ሥራው ሚዛኑን ወደ ፊት ማድላትና ዶቃውን አጥብቆ መያዝ ነው። ጀማሪ ይህን ስለማያውቅ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርሳስ ይሞላዋል። እንዲህ የተሠራው ፍላይ ሲለቀቅ ተጋድሞ፣ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ክብደቱ ፊት ለፊት ሲሰበሰብ ግን በተሳበ ቁጥር ቀና ይላል፣ በቆመ ቁጥር በጭንቅላቱ ይደፋል፣ ጅራቱም ከኋላ ይንቀሳቀሳል። ዓሣ የሚጎርሰው አዘውትሮ በዚያች በምትደፋበት ቅጽበት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመንጠቆው ማስቀሪያ እሾህ በፒንሳ ይጨፍለቅ፤ አለዚያ ዶቃው አያልፍም። የዶቃው ሁለት ቀዳዳ እኩል አይደለም፤ ጠባቡ ወደ መንጠቆው ዓይን፣ ሰፊው ወደ ኋላ። ተገልብጦ ከገባ ዶቃው በዓይኑ ላይ አልፎ ሊወጣ ይችላል። እርሳሱ በዘንጉ የፊት ሲሶ ላይ 10 ዙር ይጠመጠምና በአውራ ጣት ጥፍር ወደ ዶቃው ሰፊ ቀዳዳ ይገፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ቀዳዳው ውስጥ ሲቀረቀሩ ዶቃው መንቀጥቀጥ ያቆማል። ከእርሳሱ ኋላ በክር ትንሽ ተዳፋት ይሠራል፤ ከሌለ የሹራቡ ክር ጠርዙ ላይ እየተንሸራተተ ገላው ላይ ጉብታ ይቀራል። ሱፐር ግሉው እዚህ ላይ ይንጠብጠብ፣ ጅራቱ ሳይታሰር። በኋላ ከተደረገ ወደ ለስላሳው ላባ ሰርጎ እንደ እንጨት ያደርቀዋል፤ የደረቀ ጅራት መፍትሔ የለውም።

እርሳስ መርዝ ነው። በጥርስ አይቆረጥም፣ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም።

የጅራቱ ልክ የዘንጉ ርዝመት ነው። ከአንድ ተኩል ዘንግ በላይ ከሆነ ሲወረወር መንጠቆው ላይ ይጠመጠማል። ጣት በውሃ ረጥቦ ላባው ሲዳሰስ ተሰብስቦ ትክክለኛ መጠኑን ያሳያል፤ ያኔ የክብሪት እንጨት ያህል ከወፈረ በቂ ነው። የበዛው በመቀስ አይስተካከል። በመቀስ የተቆረጠ ጫፍ ደንዝዞ አይወዛወዝም፤ በጥፍር እየቆነጠሩ ማሳጠር ነው። የላባው ሥር እስከ እርሳሱ ድረስ በክር ይታሰር እንጂ ጅራቱ ጋ አይቆረጥ፤ ገላው እኩል የሚወጣው እንዲያ ነው። ቀጭኑ የመዳብ ሽቦ ከጅራቱ ጋር ይታሰርና ወደ ኋላ ይለቀቅ። ከዚያ የሹራቡ ክር እስከ ምልክቱ።

ከ9 እስከ 12 የአውራ ዶሮው ላባ ተራ ነው። ቃጫው ከመንጠቆው አፍ ስፋት (በጫፉና በዘንጉ መካከል ካለው ክፍተት) አንድ ተኩል እጥፍ ይርዘም። የላባው የመሐል አገዳ ከዶቃው ኋላ ይታሰርና ላባው፣ ጎድጓዳው ጎን ወደ ጅራቱ ዞሮ፣ ወደ ኋላ 5 ወይም 6 ዙር ይጠመጠማል። ጅራቱ ጋ ሲደርስ የመዳብ ሽቦው አገዳውን እየተሻገረ ወደ ፊት ይጠመጠማል። እዚህ ላይ ሽቦው ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ካልሄደ ቃጫውን ከሥሩ ያስተኛዋል። ሽቦው መዝለል የለበትም፤ የአምባዛ አፍ ውስጥ ያለው ደቃቅ ጥርስ እንደ ሞረድ ስለሚፍቅ፣ ሽቦ የሌለው አገዳ በአንድ ዓሣ ይበጠስና ላባው በሙሉ ይፈታል። መቋጫው በባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ ይሠራል፦ ክሩ ቀፎው ጫፍ ላይ አንዴ ይጠመለላል፣ ቀፎው በመንጠቆው ዓይን ላይ ይገባል፣ ክሩ ከዶቃው ኋላ እንዲያርፍ ተገፍቶ ይጠብቃል። አራት ጊዜ፣ ከዚያ ኩቴክስ። ዓይኑ በኩቴክስ እንዳይደፈን ሳይደርቅ በመርፌ ይከፈት።

እያንዳንዱ እንዳለቀ አንገቱ በተቆረጠ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ይፈተን። መጀመሪያ አርጥቦ በጣት መጭመቅ፤ ደረቅ ላባ አየር ስለሚይዝ ያታልላል። በጭንቅላቱ ተደፍቶ ከወረደ ትክክል ነው። ተጋድሞ ከወረደ የእርሳስ ሽቦው ዘንጉን ሙሉ ይዟል ወይም ወደ ኋላ ተዘርግቷል። እየተሽከረከረ ከወረደ ጅራቱ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ታስሯል። ውጤቱ በየቁጥሩ ይጻፍ፣ የተበላሸውም አይጣል፤ በምላጭ ከተፈታ መንጠቆውና ዶቃው ለሚቀጥለው ይሆናሉ።

ሐይቁ ዳር ቄጠማና የውሃ ውስጥ ሣር ባለበት ግን ወደ ታች የሚያይ መንጠቆ በየውርወራው ይያዛል። ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ የሚመጣው ክላውዘር የተባለ ፍላይ ለዚያ ነው፤ ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው። የዓሣ ዓይን የሚመስል ጥንድ የእርሳስ ዶቃ ከዘንጉ በላይ፣ በስምንት ቁጥር ጥምጥም ይታሰራል፤ ክብደቱ ከላይ ስለሆነ ፍላዩ ውሃ ውስጥ ተገልብጦ ጫፉ ወደ ሰማይ ያያል። ፀጉሩ ከጥጃ ጭራ ይሁን፤ የፈረስ ጭራ ወፍራምና ግትር ስለሆነ አይወዛወዝም። በእሱም ሆነ በዉሊ በገር ሲወረወር ኮፍያና መነጽር ይደረግ፤ ክብደት ያለው መንጠቆ ከኋላ ሲመጣ አይታይም።