የቦሎኛው የሥጋ ስጎ

በስደት ኢጣሊያ ከገባሁ በኋላ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሬ ሴቶች፣ አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ እንጀራዬ ሆነ። ቦሎኛ ውስጥ የተንከባከብኋቸው አንዲት ባልቴት የከተማቸውን የሥጋ ስጎ፣ እነርሱ ራጉ የሚሉትን፣ ሳይቸኩሉ ማብሰልን አስተምረውኛል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቢላዋ መያዝ ትተው ነበር፤ ወንበራቸውን ወደ ምድጃው አስጠግተው የድስቱን ድምፅ እያዳመጡ ያዝዙኛል፣ እኔም እታዘዛለሁ።

ያደግሁበት የአዲስ አበባ ስጎ ቲማቲሙና በርበሬው ጎልቶ የሚታይ፣ ቶሎ ደርሶ ለምሳ የሚቀርብ ነው፤ ዛሬም እወደዋለሁ። በቦሎኛው ግን ዋናው ሥጋው ነው፣ ቲማቲሙም የሚገባው በልክ ነው። የኢጣሊያ የምግብ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1982 በከተማዋ የንግድ ምክር ቤት ባስመዘገበውና በ2023 ባሻሻለው አሠራር ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የለም። ሲኞራም (ባልቴቷን የምጠራቸው እንዲህ ነበር፣ ወይዘሮ እንደማለት) ይህን ነገር ሳያወላውሉ ይጠብቁት ነበር።

ለግማሽ ኪሎ የበሬ ሥጋ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮትና አንድ ዘንግ ሴለሪ ይበቃሉ፤ ሦስቱም እስኪደቁ ድረስ ይከተፉና ለብ ባለ እሳት፣ ቀለማቸው ሳይጠቁር፣ ይቁላላሉ። ለወጥ ቁሌት የለመደ ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም። በአገሩ ደንብ መጀመሪያ ፓንቼታ የሚባለው የአሳማ ሥጋ ነው የሚቀልጠው፤ እኔ በሃይማኖቴ ስለማልበላ ለራሴ ቤት በለጋ ቅቤና በወይራ ዘይት እተካዋለሁ። ምክንያቱን ስነግራቸው ሲኞራ አልተቃወሙም፤ ቅባቱን ግን እንዳልቆጥብ አጥብቀው ነገሩኝ፣ ምክንያቱም ሥጋው የሚለሰልሰው በእርሱ ነው።

ሥጋው ሻከር ተደርጎ የተፈጨ መሆን አለበት። ድስት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ውኃ ያወጣና ይፈላል፤ ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጥና መንጨርጨር ይጀምራል። ሲኞራ በጆሯቸው የሚጠብቁት ይህን ነበር፤ ድምፁ ሳይለወጥ ወይን ጠጅ ለመጨመር ብነሣ «ገና ነው ልጄ» ይሉኛል። ከተንጨረጨረ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ወይን ይፈስበታል፣ የወይኑም ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ከዚያ አንድ ማንኪያ ሳልሳ፣ ጥቂት የተፈጨ ቲማቲምና ትኩስ የሥጋ መረቅ ይገባል።

እሳቱ እጅግ ይቀነሳል። ስጎው መንተክተክ ያለበት አልፎ አልፎ፣ በድስቱ ጠርዝ አካባቢ አንድ አረፋ ወጥቶ ሌላው ዘግይቶ በሚከተልበት መጠን ነው፤ ሲደርቅ በጭልፋ መረቅ እየተጨመረበት ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል ሦስት ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሥጋው ጅማት ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል፣ በችኮላ በጠነከረ እሳት ቢሠራ ግን ሥጋው ይደርቃል። ወደ ማብቂያው ግማሽ ብርጭቆ ወተት በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል፤ የቲማቲሙን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል። ቅባቱ ከላይ መንሳፈፍ ሲጀምር ስጎው ደርሷል።

ፓስታው ታሊያቴሌ ነው፣ በእንቁላል የተቦካ። ስፋቱ ሳይቀር በከተማዋ ተመዝግቧል፤ ከበሰለ በኋላ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ስፓጌቲ ክብና ለስላሳ በመሆኑ ሥጋው ሳህኑ ሥር ይቀራል፣ ጠፍጣፋው ታሊያቴሌ ግን ስጎውን ተሸክሞ ይነሣል። ፓስታው በሳህን ላይ ተዘርግቶ ስጎ ከሚፈስበት ይልቅ ድስቱ ውስጥ አብሮ ቢታሽ ይሻላል፤ ፓርሚጃኖ አይብ ከላይ ይፈቀፈቅበታል።

ዛሬ ለቤተሰቤ የምሠራው የጾም ወቅት ባልሆነ ቅዳሜ ነው። አድሮ ስለሚጣፍጥ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ በጥቂት መረቅ አሞቀዋለሁ። ልጆቼ ሚጥሚጣ ሲጠይቁኝ በየሳህናቸው ዳር አደርግላቸዋለሁ፤ ድስቱ ውስጥ ግን አላስገባውም።